ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ፦ በጎጃም ለሚገኙ የባህል ጽሕፈት ቤቶች፣ የቴአትር ክበባትና የፊልም ባለሙያዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፤
የተከበራችሁ ጸሐፍተ ተውኔት፣ አዘጋጆች፣ ተዋንያንና የፊልም ባለሙያዎች፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ቃለ ተውኔት፣ ማለትም ገጸ ባሕርያት እርስ በርሳቸው ስለሚለዋወጡት ንግግር ነው። በየስብሰባችን ስለ አዳራሽ እጥረት፣ ስለ በጀት ማነስ፣ ስለ መብራትና ካሜራ ዋጋ እናነሣለን፤ ማንሣታችንም ተገቢ ነው። ሆኖም ተዋናዩ መድረክ ላይ ወጥቶ ወይም ካሜራ ፊት ቆሞ አፉን ሲከፍት ምን እንደሚል፣ ለማን እንደሚል፣ ያለው ነገርስ ምን እንዳስከተለ ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆኖ ለውይይት ሲቀርብ አላየሁም። እኔ በደብረ ማርቆስ አማርኛ የማስተምርና የአንድ የቴአትር ክበብ አዘጋጅ ነኝ። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በየከተማው የሚቀርቡትን ተውኔቶችና ወጣቶቻችን የሚሠሯቸውን ፊልሞች አጋጣሚው በፈቀደልኝ መጠን እከታተላለሁ። ተዋንያኑ ጎበዞች ናቸው፤ ታሪኩም ብዙ ጊዜ ልብ የሚይዝ ነው፤ ንግግሩ ግን ሁለቱንም ይጥላቸዋል።

ችግሩ ይህ ነው። ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም፤ የሚነጋገሩት ከእኛ ከተመልካቾቹ ጋር ነው። ለዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው «እንደምታውቂው ልጃችን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት» ይባባላሉ። ጎረቤት ለጎረቤቱ የወባን መተላለፊያ መንገድ ከበራሪ ወረቀት ላይ የሚያነብ ይመስል ይዘረዝርለታል። በመጨረሻው ትዕይንት አንድ አዋቂ ሰው ይመጣና ሁሉን ያስረዳል፤ የተጣሉትም «ልክ ነው፤ ተሳስተን ነበር» ብለው ይታረቃሉ። ይህ ቃለ ተውኔት አይደለም። ለሁለት ሰዎች ተከፋፍሎ የተሰጠ አንድ ንግግር ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በጸሐፊዎቹ ላይ አልጭንም። በአካባቢያችን ቴአትር በአብዛኛው በሕይወት የሚቆየው መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ስለ ጤና፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ መሬት አያያዝ ተውኔት እንዲሠራላቸው ሲያዝዙ ነው፤ ያዘዘውም ወገን ጽሑፉን የሚመዝነው «መልእክቱ ተላልፏል ወይ?» በሚል ብቸኛ መለኪያ ነው። ክበባችን ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ለአንድ ድርጅት ተውኔት ጽፎ ነበር። የመጀመሪያው ትዕይንት ማታ፣ ጎጆ ውስጥ፣ ባልና ሚስት ብቻቸውን ሳሉ የሚካሄድ ነው፤ እንዲህ ይላል።

«ነገ ሰዎች ይመጣሉ። ጠላው ደርሷል?»
«ጌሾው አነሰው።»
«ትናንት ደርሷል ብለሽኝ አልነበር?»
«ትናንት ሰው ይመጣል አላልከኝም።»
«ሦስት ናቸው። ብዙ አይደሉም።»
«ለሦስት ሰውማ ይሄን ያህል ጠላ አይጠመቅም።» (ዝም ይባባላሉ።) «ልጅቱ ነገ ፈተና አለባት።»
«ስለ እሷ ማን አነሣ?»

ጽሑፉ «መልእክቱ በግልጽ አልተነገረም» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት ተመለሰልን። እናትየዋ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ለፌስቱላ እንደሚያጋልጥና በሕግ የተወሰነው የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን የምትናገርበት አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ተጠየቀ፤ ተጨመረም። ተውኔቱ በገበያ ቀን ለሕዝብ ሲቀርብ ከፊት የተቀመጡት እናቶች የጠላው ነገር ሲነሣ አንገታቸውን አስግገው ያዳምጡ ነበር፤ እንዲያውም አንዷ ድምፅዋን ሳትቀንስ «ሊድራት ነው!» አለች። የተጨመረው አንቀጽ ሲጀመር ግን ወደ ጎን ዞር ብለው ስለ በርበሬ ዋጋ ማውራት ያዙ። አንቀጹ ሐሰት ስለ ነበረበት አይደለም። ከጤና ጣቢያ ደጋግመው የሰሙት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ጎጆ፣ ያቺ ሴት ለዚያ ባሏ የማትናገረው መሆኑን ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።

በዚያ ምልልስ ውስጥ ጋብቻ የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልተነሣም። ባልየው ነገሩ ሳይጠየቅበት እንዲያልፍለት ይፈልጋል፤ ሚስትየዋ ፊት ለፊት ሳትጋፈጠው ልታስቆመው ትፈልጋለች። የጌሾው ማነስ እንቢታዋ ነው፤ የሰዎቹን ቁጥር ማሳነሱ ማምለጫው ነው፤ «ስለ እሷ ማን አነሣ?» ሲል ግን ያላነሣችበትን ነገር እርሱ ራሱ አነሣው። ተመልካቹ ይህን ሁሉ ራሱ ስለ ደረሰበት የእርሱ ይሆናል። ቃለ ተውኔት ለመልእክት ያለው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ተነግሮት ከሚያውቀው ይልቅ ሲሰማ ራሱ የደረሰበትን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ንግግር በመድረክ ላይ ድርጊት ነው ስንል ነገሩ አዲስ አይደለም። አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው መጽሐፉ እንደሚነግረን፣ በጥንቱ የግሪክ ተውኔት ከመዘምራኑ ፊት የሚቆመው ተዋናይ አንድ ብቻ ነበር፤ ከጸሐፍተ ተውኔቱ መካከል ሁለተኛውን ተዋናይ ያመጣው ኤስኪለስ፣ ሦስተኛውን ያመጣው ሶፎክለስ ነው። ሁለተኛው ሰው እስኪመጣ ድረስ ተዋናዩ የሚናገረው ከመዘምራኑ ጋር እንጂ ከሌላ ተዋናይ ጋር አልነበረም። ትግሉ በሁለት ሰዎች መካከል መታየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የእኛ የዛሬ ተውኔቶች ግን አምስትና ስድስት ተዋናይ አቁመው በአሳብ ወደዚያ ወደ አንዱ ተዋናይ ዘመን ይመልሱናል።

ለዚህ ደግሞ ግሪክ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን ከሳሽ «በላ ልበልሃ» ብሎ ሲነሣ፣ አንዱ «ተጠየቅ» ሲል ሌላው «ልጠየቅ» ብሎ ሲቀበል፣ በማር ወይም በበቅሎ ሲወራረዱ፣ እያንዳንዱ ቃል መሬት የሚያስነጥቅ ወይም የሚያስመልስ ነበር። ተሟጋቹ ሸንጎውን ለማስደሰት ነገሩን ያሳምራል፤ ነገር ግን ዓይኑ ከባላጋራው አይነቀልም፤ የባላጋራው መልስ የሚቀጥለውን ጥያቄ ይለውጥበታል። ዛሬም የእርቅ ሽማግሌ ፊት የቀረቡ ሁለት ወንድማማቾችን ያዳመጠ ሰው ይህን ያውቃል። የድንበር ጉዳይ ተብሎ የተጀመረው ነገር ቀስ በቀስ እናታቸው ስትታመም ማን አስታመማት ወደሚለው ይዞራል፤ የዞረበትን ቦታ ሽማግሌዎቹም ለይተው ማሳየት ይቸግራቸዋል። የትዕይንት አጻጻፍ ይሄ ነው። ልጆች የሚጫወቱት እንካ ስላንትያ እንኳ ሕጉ አንድ ነው፦ ከተባልከው ውስጥ ያዝ፣ ያዝከውንም መልሰህ ወርውር። በብዙ ጽሑፎቻችን ገጸ ባሕርይ የሚናገረው የተባለውን ሰምቶ ሳይሆን ተራው ስለ ደረሰ ነው።

ጎጃም በዚህ ረገድ ማንም የማይደርስበት ሀብት አላት ብዬ ስናገር በስሜት አይደለም። ከአማርኛ ቴአትር ፋና ወጊዎች አንዱ የሆነው ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፤ ወደ መድረክ የመጣውም በቅኔ ቤት አልፎ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ መጽሐፉን ያላነበበው ሕዝብ ሁሉ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ጎረቤቱ ለይቶ ለማወቅ የቻለው ተራኪው ታላቅ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። ጽሑፉ ራሱ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አነጋገር ሰጥቶታል። ፊታውራሪ መሸሻ የሚናገሩት ሰው እንዲመልስላቸው አይደለም፤ እንዲታዘዝላቸው ነው። ጉዱ ካሳ የሚናገረው ደግሞ ሰሚ እንደሌለው እያወቀ ነው፤ እብድ ነው የሚሉት ሰዎች መካከል ቆሞ ለነገ የሚከራከር ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ቃል እንኳ ቢጋሩ በአፋቸው ውስጥ ሌላ ይሆናል።

የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ ቅኔ ቤቶች ስም ሲነሣ ግን አንድ ጥንቃቄ ማከል እፈልጋለሁ። ቃለ ተውኔት ሰምና ወርቅ ነው የሚለው አባባል በየሥልጠናው ይደጋገማል፤ እኔ ግን በከፊል ብቻ እቀበለዋለሁ። ባለ ቅኔው ወርቁን ያውቀዋል፤ ሰሙን ያበጀውም ለወርቁ ብሎ ነው። ገጸ ባሕርይ ግን ከንግግሩ በታች ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ ራሱ አያውቀውም፤ ቢያውቀውም ለመደበቅ ይሞክራል እንጂ እንዲፈታለት አይፈልግም። ስለዚህ ከቅኔ ቤት የምንማረው ቃልን መመጠንና ሰሚን ማክበር ነው እንጂ፣ ገጸ ባሕርያትን ሁሉ ባለ ቅኔ ማድረግ አይደለም። ገበሬውም፣ ተማሪዋም፣ ነጋዴውም በኅብር ቃል፣ ሁለት ትርጉም በያዘ ቃል፣ ሲናገሩ የምንሰማው ደራሲውን ብቻ ይሆናል።

በዚሁ መንገድ የሚበላሸው ሌላው ነገር የገጠሩ ሰው አነጋገር ነው። በፊልሞቻችን ውስጥ ከገጠር የመጣ ሰው ሲቀርብ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አፉን አጣሞ፣ የትም አገር የማይነገር አማርኛ ይናገራል፤ አዳራሹም ይስቅበታል። የደጋ ዳሞት ገበሬ፣ የሸበል በረንታ ነጋዴና የሜጫ ተማሪ አንድ ዓይነት አይናገሩም። በእንጅባራ ገበያ በአዊኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርስ ሻጭ አለ፤ ቋንቋ የሚለውጥበት ቅጽበት ራሱ ትርጉም አለው። «መጥቸ»፣ «በልቸ» እያለ የሚናገር የጎጃም ሰው በመድረክ ላይ እንደ ቤቱ ሲናገር መስማት መብታችን ነው፤ ይህ የሚገኘው ግን ተዋናዩ አነጋገሩን ከባለቤቶቹ ሲማር እንጂ ከሌላ ተዋናይ ሲቀዳ አይደለም። ምሳሌያዊ ንግግር መደርደርም አነጋገርን የገጠር አያደርገውም። ያዳመጥኳቸው ሽማግሌዎች አንድን ተረት የሚያወጡት ክርክሩ መዘጋት ሲኖርበት ነው፤ ከዚያ በፊት ይቆጥቡታል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ቋንቋው በእጁ የሰጠው፣ ሌላው ብዙ ቋንቋ የሌለው መሣሪያ አለ። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «አንቱ» የሚሉት መጠሪያዎች አንድም ተጨማሪ ቃል ሳይጠይቁ ግንኙነትን ያሳያሉ። አባቱን ዕድሜውን ሁሉ «አንቱ» ሲል የኖረ ልጅ በንዴት መካከል አንድ ጊዜ «አንተ» ካለ ጥፊ መምታት አያስፈልገውም። ባሏን «አንተ» የምትል ሚስት አንድ ቀን ማለዳ «ቁርስዎ ቀርቧል» ብትለው ትዳሩ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ተሰበረ ለማወቅ የጎረቤት ማብራሪያ አንፈልግም። ይህን በልምምድ ላይ ለተማሪዎቼ ሳሳያቸው ወዲያው ይገባቸዋል፤ ከየቤታቸው ምሳሌ ማምጣትም ይጀምራሉ። በጽሑፎቻችን ግን የአክብሮቱ እርከን ከትዕይንት ትዕይንት ያለ ምክንያት ሲወጣና ሲወርድ ማንም አያርመውም።

ስለ ፊልም ጥቂት ልበል። የመድረክ ንግግር ከኋላ የተቀመጠው ሰው ዘንድ መድረስ አለበት፤ ሌሊቱንም፣ መንገዱንም፣ ሩቅ ያለውን ሰውም በቃል መሳል ይጠበቅበታል። ፊልም ይህን ሸክም ካሜራው ያቃልልለታል። የፊልም ጥበብ የተናጋሪ ፊልም ዘመን እ.ኤ.አ. በ1927 እስኪከፈት ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል ያለ ተዋናይ ድምፅ ኖሮ ታላላቅ ሥራዎችን አፍርቷል። የእኛ ፊልሞች ግን የመድረኩን ሸክም እንደ ተሸከሙ ናቸው።

መርዶን እንውሰድ። በፊልሞቻችን ስልክ ይጮኻል፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ያነሣና «ምን? አባቴ? ሞተ? መቼ? በምን ምክንያት?» እያለ የሚባለውን ሁሉ ለእኛ ይደግምልናል። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ማለዳ ነው። ሰዎቹ አስቀድመው ተጠራርተው፣ ጎረቤት ቀስቅሰው፣ ፀሐይ ሳትወጣ ይመጣሉ። የቤቱ ባለቤት በሩን ሲከፍት በዚያ ሰዓት የማይጠበቁ ሰዎች በአንድነት ቆመው ያገኛል። «እንዴት አደራችሁ» ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ዓይኑን የሚያይ የለም። ከመካከላቸው አንዱ ወንድሙ ከሆነ፣ የወንድሙን ፊት ይፈልጋል፤ ወንድሙ ከሰው ጀርባ ነው የቆመው። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ቃል ምንም ይሁን ምን ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ይህን ትዕይንት የሚቀርጽ ሰው የሚያስፈልገው ቃለ ተውኔት ሁለት የሰላምታ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እነዚያ ሁለቱ ግን በጥንቃቄ መቀረጽ አለባቸው፤ ድምፃቸው በነፋስና በጄኔሬተር ጩኸት ከተዋጠ ምንም አልቀረም። ለካሜራ ኪራይ የሚወጣውን ገንዘብ ያህል ለድምፅ ቀረጻ ትኩረት ስጡ ብዬ የፊልም ወንድሞቼንና እኅቶቼን እለምናለሁ።

ወደ ጥያቄዎቼ ልምጣ። ለባህል ጽሕፈት ቤቶችና ተውኔት ለምታዝዙ ድርጅቶች የማቀርበው ዋናው ጥያቄ የመመዘኛውን ቅጽ እንድትለውጡ ነው። መልእክቱ ስንት ጊዜ እንደ ተነገረ መቁጠር ይቅር። በምትኩ ገምጋሚው በትዕይንቱ መጀመሪያና መጨረሻ መካከል በሰዎቹ መሐል ምን እንደ ተለወጠ ይጻፍ፤ የገጸ ባሕርያቱ ስም ተሸፍኖ ጽሑፉ ሲነበብም ማን እየተናገረ እንደ ሆነ መለየት ይቻል እንደ ሆነ ይመርምር። መረጃው አያስፈልግም አልልም። ሰው በበሽታ የሚሞትበትን፣ ልጅ ያለ ዕድሜዋ የምትዳርበትን አገር ጉዳይ በቸልታ የምመለከት ሰው አይደለሁም። ነገር ግን መረጃው ቦታ አለው። ተውኔቱ ሲያልቅ የጤና ባለሙያዋ ወይም የሕግ ባለሙያው ከሕዝቡ ጋር ይቀመጡ፤ ሕዝቡ በታየው ነገር ላይ ይጠይቅ፤ የ18 ዓመቱን ነገር እነርሱ ይናገሩት። ያን ጊዜ ባለሙያዋ በስሟ ስለ ተናገረች ትደመጣለች፤ እናትየዋም በጎጆዋ ውስጥ ሆና እናት ትሆናለች።

ሁለተኛው ስለ ቀረጻ ነው። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በቴፕ ቀድተው፣ አነጋገራቸውን ሳያርሙ ወደ መጽሐፍ ገልብጠዋል። በአማርኛ ቴአትር ሕያው የሆነ የሰው አፍ ከሰጡን ጸሐፊዎች ግንባር ቀደሙ ይኸው ሰው መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ጆሮ በእንዲህ ያለ ትዕግሥት ይሠለጥናል። ዛሬ እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ መቅጃ አለ። የእርቅ ሸንጎ፣ የአስለቃሾች ሙሾ፣ የገበያ ክርክር፣ የአረጋውያን ጨዋታ በባለቤቶቹ ፈቃድ ተቀድቶ፣ ስምና ምስጢር እየተጠበቀ፣ ጸሐፊዎችና ተዋንያን በሚደርሱበት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ወጪው ከአንድ የፌስቲቫል መድረክ ማስጌጫ አይበልጥም። የሙግቱን ሥርዓት የሚያውቁት አረጋውያን በየዓመቱ እየተለዩን ስለ ሆነ ይህ ሊዘገይ አይገባም።

ለክበባትና ለአዘጋጆች የምለው አጭር ነው። ልምምድ በመድረክ ላይ እንቅስቃሴ አይጀመር። ተዋንያኑ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ጽሑፉን ያንብቡት፤ እያንዳንዱ መስመር ላይ «ይህን በማለቴ ከፊቴ ካለው ሰው ምን አገኛለሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልስ ያልተገኘለት መስመር ይውጣ። የገጠር ታሪክ ከሆነም ከዚያው አካባቢ የመጣ ሰው በንባቡ ላይ ይቀመጥ፤ ለጊዜውም ይከፈለው። ጸሐፊው በዚህ ሥራ ላይ መገኘት አለበት፤ በአንዳንድ ቦታ እንደማየው ጽሑፉን አስረክቦ የሚሰናበት ከሆነ በምልልሱ ላይ የሚደረገው መቆራረጥ ሁሉ ያለ ባለቤት ይቀራል።

ክበባችን በደብረ ማርቆስ ይህን ዓይነቱን የንባብ መርሐ ግብር ለመጀመር ዝግጅቱን አጠናቋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመለማመጃ ክፍላችን ክፍት ነው። ከየወረዳው የቴአትር ክበባት ያላለቀ ጽሑፍ ይዘው እንዲመጡ፣ የባህል ጽሕፈት ቤቶችም ጽሑፍ የሚገመግሙ ባለሙያዎቻቸውን እንዲልኩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ድርጅቱ ያዘዘንን ተውኔትም የመጀመሪያውን ትዕይንት በሁለቱም መልክ፣ አንቀጹ ከመጨመሩ በፊትና ከተጨመረ በኋላ፣ በእንግዶቹ ፊት እናነበዋለን፤ ውይይቱም ከዚያ ይጀምራል።

ምላሻችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የአማርኛ ቋንቋ መምህርና የቴአትር ክበብ አዘጋጅ
ደብረ ማርቆስ